ከእጥፋቱ በታች

«ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ምላጬ» አለ አባቷ። ምላጭ ያላት ምላሷን አይቶ ነው።

በሽታው ዓይኑን ካደከመው ወዲህ እንኳን ጽሑፍ ማንበብ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባትም አቅቶታል። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው አሁን ከስፌት መኪናው ሥር ፍራሽ ላይ ተጋድሟል።

ሐኪሟ የጻፈችውን ወረቀት እናቷ መሃሉ ላይ አጥፋ ነበር የሰጠቻት። «ከላይ ያለውን ብቻ አንብቢለት። የታችኛውን ከሰማ ያንን ነው የሚመርጠው፤ አውቀዋለሁ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገብታለች።

«አጣዳፊ የደም ካንሰር» ብላ ጀመረች። «ጠንካራ ኬሞ። አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ሆስፒታል መተኛት። ፀጉር ይረግፋል።»

«የቀረኝ አራት ፀጉር ነው፤ ይርገፍ።»

«ሦስት ነው፣ አባዬ። አታካብድ።»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነና የድዱ ደም መሀረቡ ላይ ቀረ። ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

«በሽታውን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ሰውነት ካልቻለው ግን ሕክምናው ራሱ ሊገድል ይችላል።»

«ሌላ መንገድስ የለም?»

እናቷ በሩ ላይ ሳፋ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው።

ልጅቷ የታችኛውን ቀድማ አንብባዋለች። ለዘብ ያለ መርፌና ክኒን፣ ከቤት እየተመላለሱ። በሽታውን ለጊዜው ይገታዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋውም። እሷም እንደ እናቷ እንዲድንላት ነው የምትፈልገው። ዝም ብትል ነገውኑ ሆስፒታል ይገባል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጨርቆች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ «አንተው ምረጥልኝ» ብላው ሄዳ ነበር። አባቷ ግን ሁለቱንም ዳስሳ ሳትመርጥ መቀስ አላነሳም ብሎ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናቸው። «ዝም ብለህ ቁረጠው» ብላው ነበር ያኔ ልጁ። «የምትለብሰው እሷ ናት» ነበር መልሱ።

«ምላጬ? ዛሬ ደነዝሽ እንዴ?»

«አለ» አለች።

ሳፋው መሬት ሲነካ ሰማች። ቀና አላለችም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በመዳፏ ተጭና አስተካከለችው፤ ከዚያ ከታችኛው የመጀመሪያ መስመር፣ ቀስ ብላ፣ ማንበብ ጀመረች።