የተዘቀዘቀው ሚካኤል

ባርናባስ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ሞቶ በተገኘበት ጠዋት፣ ደባርቅ ውስጥ «ማን ገደለው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ምን ያስጠይቃል! ሁሉም ያውቃል። የገደለው ብረቱ ነው።

ኢንስፔክተር ሕሊና ከመታጠፊያው ዳር ቆማ ሬሳውን ስታይ፣ ከኋላዋ የተሰበሰበው ሰው የሚንሾካሾከው ይህንኑ ነበር። ልጁ በግንባሩ ተደፍቷል። በገዛ እጁ የሠራት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከእሱ ዝቅ ብላ፣ አካሏ ከመሐል ተሰብሮ ወድቃለች። ባትሪዋ ግን አልሞተም፤ መብራቷ በጠራራ ፀሐይ ቦግ እንዳለ ነው። ሊያጠፋው የደፈረ የለም። ሕሊና ራሷ እጇን ስትዘረጋ ሰውነቷን ቀፈፋት፤ ቢሆንም አጠፋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ከዚያው መታጠፊያ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ ነበር። ከሟቾቹ አንዱ የባርናባስ አባት ነው። ልጁ አድጎ፣ ስልኩ ላይ እያየ ብስክሌት ልሥራ ብሎ ሲነሳ ደህና ቱቦ አጣ። ገደል ወረደና የዚያን አውቶቡስ የወንበር ብረቶች ነቅሎ አመጣ። ሞተሩን ከጎንደር አስመጣ፤ ብየዳውን ከጓደኛው ከክንዴ ጋር ሠሩት፤ ቀይ ቀለም ቀቡት። አገሩ ደግሞ «የሙታን ብረት» የሚል ስም አወጣለት። ባርናባስ በአባቱ ሙት ዓመት ዕለት፣ አባቱ በወደቀበት ቦታ ሻማ ላብራ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊማሊሞን በብስክሌቱ ወረደ። እዚያው ቀረ። ሙታኑ ወንበራቸውን ተረከቡ፣ አለ ሰው።

ፖሊስ ጣቢያው ጋኔን ማሰር አይችልምና ክንዴን አሰረ።

ሕሊና በማግስቱ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ለቅሶው ቤት ነው። የልጁ እናት እማማ አመተ ማርያም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እጇን ለቀም አድርገው ያዟት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ‹የአባትህን ወንበር አምጣው፣ ከአባትህ ጋር ትሄዳለህ› ያልኩት እኔ ነኝ። እሱማ ፈርቶ ነበር። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«ሳላረጋግጥ አልመልስልዎትም፣ እናቴ።»

«ዓይኔን ስከድን የብስክሌቷን ድምፅ እሰማለሁ። እምምም እያለች ደጄ ድረስ ትመጣለች። ሙታኑን ምን አደረግናችሁ እያልኩ ስረግማቸው ነው የምውለው።» አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ደምለው ባይኖርልኝ አብጄ ነበር። ዳባት ለቅሶ ስሄድ ቤቴን የሚጠብቅልኝ እሱ፣ ቧንቧዬን የሚጠግንልኝ እሱ፣ የልጄን ጎማ ነፋስ የሚሞላለት እሱ።»

ደምለው የእማማ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከተማው ውስጥ ጎሚስታ ቤት አለው። ያኔ የአውቶቡሱ ረዳት ነበር። የዚያን ዕለት ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ደባርቅ ላይ በመውረዱ ተረፈ፤ «እግዜር ያተረፈው» የሚሉትም ለዚህ ነው። ድንኳኑን ያስተከለው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው እሱ ነበር። ሕሊናን እስከ በር ሸኛት።

«ኢንስፔክተር፣ ያንን ብረት ስጡን። ሽማግሌዎቹ በሣልስቱ ወደ ገደሉ እንዲመለስ ወስነዋል። እህቴ እንቅልፍ ታግኝበት።»

«በሣልስቱ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፣ ጋሼ ደምለው» አለች ሕሊና። ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ጎንበስ አለች። የተቀደደው የውኃ ጎማ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ የከመነዳሪ ጥብጣብ ተጠምጥሟል፤ ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ወደ ውስጥ ተወትፏል። ጥሩ እጅ ነው፤ ጠብ አይልም።

ጣቢያ ስትመለስ ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው። የተሰበረው ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ነው። ስብራቱ ከፊሉ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፤ ከፊሉ ዝጓል። የዛገው በኩል ቀጥ ያለ ነው። በዚያ ቱቦ ሆድ ላይ፣ ልክ ስብራቱ ቦታ፣ የቅዱስ ሚካኤል የወረቀት ሥዕል ተለጥፎ አብሮ ተቀዷል። የመልአኩ ራስ ወደ ፔዳሉ፣ እግሩ ወደ መሪው። ከአሽከርካሪው ጫማ ሥር፣ ተዘቅዝቆ! ሕሊና ሳታስበው አማተበች። የእጀታዎቹ ጫፍና የኮርቻው ጀርባ ላይ ደግሞ የደረቀ እበት ተጣብቋል። ከኮርቻው ሥር ካለችው ሣጥን ውስጥ ያልበራ ሻማና በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ የጎማ ቱቦ አገኘች።

ክንዴን አስጠራችው። ዓይኑ አብጧል።

«ብየዳህ ነው የለቀቀው ይላሉ።»

«አይተውታል? ብየዳዬ ለቆ ከሆነ እጄ ይቆረጥ!»

«አይቼዋለሁ፤ አልለቀቀም። ስትሠሩት ገልብጣችሁት ታውቃላችሁ? ጎማዋን ወደ ላይ አድርጋችሁ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! መሪው ላይ የባትሪው መለኪያ መስታወት አለ፤ ይሰበርብናል ብለን እንፈራለን። ከጣሪያ በሰንሰለት አንጠልጥለን ነው የሠራናት።»

«የጋራዥህ ወለል ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ።»

የጎማ ቱቦውን አሳየችው። ክንዴ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው።

«የትልቅ መኪና የፍሬን ቱቦ ነው። ከወንበሮቹ ጋር ከገደል ያወጣው። ምንድን ነው ስለው ‹ከሙት ዓመቱ በኋላ እነግርሃለሁ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሳቁ ጠፋ፣ ኢንስፔክተር።»

ቀጥሎ የመጣው የባጃጅ ሾፌሩ አሻግሬ ነው። ባርናባስ ሰው ማመላለስ ሊጀምር ነው ሲባል ገበያ መሐል «ከዚህ መንገድ አጠፋሃለሁ» ብሎ የዛተ እሱ ነበር።

«አፌ ነው እንጂ እጄ አይደለም!» አለ እየተርበተበተ። «ደጃፋቸው እንኳ ደርሼ አላውቅም። ያ ውሻቸው ከቤተ ዘመድ በቀር ማንን ያስገባል? ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት? ያቺ ብረት በሩቁ ስታልፍ አማትብ ነበር። ልነካት? እኔ?»

ሕሊና ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ፍርሃቱ ግን የምር ነው።

ቄስ ኪዳነ ማርያም ሥዕሉን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባርናባስ ጠበል እንድረጭላት ብስክሌቷን አመጣት። ይህን አይቼ ደነገጥኩ። ‹ልጄ፣ የመላእክት አለቃ ተዘቅዝቆ ምን ማለት ነው?› ብለው፣ ‹አባ፣ እኔ አልለጠፍኩትም። ከዳባት ለቅሶ ስንመለስ ተለጥፎ አገኘሁት። ልላጠው ብል እጄ ፈራ› አለኝ። እኔም ፈራሁ፤ አልዋሽሽም። ተወው አልኩና ጠበሉን በላዩ አፈሰስኩበት።»

«ብዙ አፈሰሱ፣ አባ?»

«ማሰሮው እስኪያልቅ» አሉ ቄሱ።

በሣልስቱ ሕሊና ቃሏን አከበረች። ክንዴን አስከትላ፣ ስብርባሪውን በጆንያ አስይዛ ድንኳኑ ገባች። ሰው ተርመሰመሰ። አንዳንዱ ወደ ኋላ ሸሸ። እማማ አመተ ማርያም ከፊት ተቀምጠዋል፤ ደምለው ከጎናቸው። አሻግሬ ከምሰሶው ጀርባ ነው። ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠዋል።

«ወደ ገደሉ ከመመለሱ በፊት አንድ ጊዜ እዩት» አለች ሕሊና። «ይህ ስብራት ሁለት መልክ አለው። የሚያበራው በዚያ ጠዋት የተቀደደ ነው። የዛገው ቀድሞ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። ቀለም ስንጥቁ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ የተቆረጠው ከተቀባ በኋላ ነው። አባ ያፈሰሱት ጠበል ግን ገብቶ አዝጎታል፤ ስለዚህ ከእሑዱ በፊት ነው። መጋዝ የሚያነሣ ጋኔን እኔ አላውቅም።»

ከስብርባሪው ወደ ክንዴ ዞረች።

«ክንዴ ነው እንዳንል፣ በያጅ ሰው ለመግደል መጋዝ ምን ያደርግለታል? ብየዳውን ማሳሳት ይበቃዋል። አሻግሬ ነው እንዳንል፣ ውሻው አያስገባውም። ቆራጩ የቤት ሰው ነው። መቁረጫውን የሚሸፍንበት ነገር ሲፈልግ ብልሃት መጣለት፤ ማንም ደፍሮ የማይልጠው ነገር፣ የመልአክ ሥዕል።»

«ታዲያ ለምን ይዘቀዝቀዋል?» አሉ ቄሱ።

«አልዘቀዘቀውም፣ አባ። ሲለጥፈው ቀጥ ያለ ነበር።» ሕሊና ስብርባሪውን አንሥታ ገለበጠችው። ሚካኤል ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ለቀስተኛውን ተመለከተ። «ብስክሌቷ ጎማዋን ወደ ላይ አድርጋ፣ በኮርቻዋና በእጀታዋ ቆማ ነበር። እበቱ የተጣበቀው ያኔ ነው፤ በእበት ከተለቀለቀው ከዚህ ቤት ወለል። ሰውዬው ሰው ሊገድል ጨክኗል፤ መልአክን ግን በዓይኑ ፊት ሊዘቀዝቅ እጁ እንቢ አለው። እንደ ልማዱ ቀጥ አድርጎ ለጠፈው፤ ብስክሌቷ ስትቆም እንደሚገለበጥ ግን አልታየውም። እንግዲህ ብስክሌት ገልብጦ መሥራት የለመደ ማን ነው?»

 ዓይኖች አንድ በአንድ ወደ አንድ ሰው ዞሩ።

«እናቴ፣ ዳባት ለቅሶ ስትሄዱ ቁልፉን ለማን ሰጡት?»

«ለደምለው» አሉ እማማ። ድምፃቸው ሩቅ ነበር። «ጎማዋ ተንፍሳ ነበር፣ እንዲሞላት...»

«ሥራዬ ነው!» አለ ደምለው ተነሥቶ። «ጎማ ለመሙላት ገለበጥኳት። ሰው ይገደላል በዚህ? የእህቴን ልጅ እኔ ምን ብዬ?»

ሕሊና የፍሬን ቱቦውን ከላስቲኩ አውጥታ ከቧንቧው ከፈታችው የውኃ ጎማ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ሁለቱም በከመነዳሪ ጥብጣብ ተጠምጥመዋል። የሁለቱም ጫፍ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ወደ ውስጥ ተወትፏል።

«ይሄኛው ከገደሉ ከአውቶቡሱ የወጣ ነው። የፈነዳ የፍሬን ቱቦ፣ በጎማ ታስሮ። ያሰረው ሰው ቁልቁለቱን እንደማይችል ያውቅ ስለነበር ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ወረደ። ባርናባስ ብረት ሲነቅል አገኘው፤ ውኃ ሲቀዳ ያደገበትን ቋጠሮ ደግሞ አይስተውም።»

ደምለው ቁጭ አለ። ሲያወራ እህቱን ማየት አልቻለም።

«ሹፌሩ እሰረው ስላለኝ አሰርኩት። ይቆያል አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ... ወረድኩ። የወንድሜን ያህል የምወደውን ባልሽን ‹ውረድ› ሳልለው ወረድኩ። ልጁ ቱቦውን ይዞ መጣና ‹አጎቴ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?› አለኝ። ‹ከሙት ዓመቱ በኋላ ለእናቴ ንገራት፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› አለ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ያን ሁሉ ዘመን ቧንቧሽን ስጠግንልሽ...»

ፖሊሱ እጁን ይዞ አስነሣው። ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀለት። እማማ አመተ ማርያም አላለቀሱም።

«እኔ የምጠብቀው ከገደል የሚመጣውን ነበር» አሉ። «የመጣው ግን በደጄ በኩል ነው፤ እንዴት አደርሽ እያለ።»

ከሰዓት በኋላ ሕሊናን ሊማሊሞ ውሰጂኝ አሏት። ነፋሱ ከአዲ አርቃይ ቆላ ሞቅ ብሎ ይመጣል። እማማ ከመታጠፊያው ዳር ተንበርክከው ልጃቸው ያላበራትን ሻማ በነጠላቸው ከልለው አበሩ።

«ይቅር በሉኝ» አሉ ወደ ገደሉ። «በከንቱ ስረግማችሁ ሰነበትኩ። ልጄን የወሰዳችሁት እናንተ አይደላችሁም።»

ሕሊና የመልስ ዕዳ እንዳለባት ትዝ አላት። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ጠይቀውኝ ነበር። ባርናባስን የገደለው ያ ብረት አይደለም። እርስዎም አይደሉም።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻማዋ እስክትረጋ ጠበቁ። ከዚያ መዳፋቸውን ከፍተው፣ ገና ከለቅሶው ጀምሮ ጨብጠውት የዋሉትን የቤታቸውን ቁልፍ አዩት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ቁልፉን ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»