ግማሹ ብቻ ሲገዛ

«ግማሹ ብቻ ቢገዛስ?» አሉ የዪልዱ አያት ቤፔ ቲትዬ፣ ድንች መላጣቸውን ሳያቋርጡ።

ቤፔ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ዓይን ማጥፋቱን ብቻ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን ዪልዱን እንደ እሾህ ወጋት። «ዊትሴ ሁሉንም አስልቶታል፣ ቤፔ» ብላ አለፈችው።

ወንድሟ ዊትሴ ጓሮ ውስጥ የቤፔን ብስክሌት ጎማ እየለጠፈ ነበር። ወተት ሊያመጣ ሲነሳ እንኳ ስክሪኑን የሚቆልፍ ሰው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍት ትቶላት ወጥቷል።

ነገሩን ያስረዳት በውሾች ነው። ኢተርና ላንታ የሚባሉ ሁለት ዲጂታል ሳንቲሞች በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ውሾች አብረው ይሄዳሉ። አንዳንዴ አንዱ ይቀድማል። ያኔ ዊትሴ የቀደመውን ተበድሮ ይሸጣል፣ ወደኋላ የቀረውን ይገዛል፣ እስኪገናኙ ይጠብቃል። ገበያው ቢወጣም ቢወርድም አንዱ የሌላውን ኪሳራ ይሸከማል።

ጣጣው ያለው ትዕዛዙ ላይ ነው። የላንታ ሻጭ ጥቂት ስለሆነ ዋጋ ቆርጦ መጠበቅ ግድ ይላል። ኢተር ግን ገዢ ሞልቶታል፤ ቁልፉን ሲጫኑት ወዲያው ይሸጣል። ስለዚህ አስቸጋሪው ይቀድማል።

«ላንታው ሲገዛ አረንጓዴ ይበራል፣ ያኔ ኢተሩን ትሸጫለሽ» ብሏት ነበር። «ካበላሸሽው ግን እዚህ ወንበር ላይ ሁለተኛ አትቀመጪም።»

እየሳቀ ነው ያላት። ዪልዱ ግን አልሳቀችም። እስከ ፀደይ ድረስ ከጎኑ ተቀምጣ መማር ነበር ምኞቷ።

አረንጓዴው በራ። ጣቷ ከዓይኗ ቀደመና ተጫነችው። ከመብራቱ ሥር ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ከላንታው የተገዛው ግማሹ ብቻ ነበር። ኢተሩ ግን ሙሉው ተሸጧል።

ቀና ብላ ቤፔን አየቻቸው። ድንቻቸውን ይልጣሉ።

ግማሹ ኢተር አሁን ጓደኛ የለውም፤ ዋጋው ቢወጣ የሚሸከመው የለም። መልሳ ትግዛው ወይስ ትተወው? ስታመነታ ኢተር መውረድ ጀመረ። በውድ የተሸጠው አሁን በርካሽ ተገዝቶ ሊመለስ ይችላልና የትርፉ ቁጥር እያበጠ ሄደ።

ዊትሴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባና ስክሪኑን አይቶ አፏጨ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«ያልከኝን ነዋ» አለች ዪልዱ።

ከዛሬ ጀምሮ ሁለተኛው ቁልፍ፣ የኢተሩ መሸጫ፣ ያንቺ ነው አላት። ለራሱ ሌላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ውሾቹ ካሰበው በላይ ፈጥነው እንደተገናኙና በእጥፍ ገንዘብ ዳግም መግባት እንዳለበት እያወራ መጠኑን መጻፍ ያዘ።

«ዊትሴ፣» አሉ ቤፔ፣ «ግማሹ ብቻ ቢገዛስ?»

«ያማ ቀላል ነው፤ በተገዛው ልክ ብቻ ነው የሚሸጠው። ዪልዱ ታውቀዋለች።» ወደ እሷ ዞረ። «አልነገርኩሽም እንዴ?»

አልነገራትም። ነግረኸኛል ብትል ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ወንበሩም የእሷ ይሆናል። ጣቱ እጥፉን ትዕዛዝ ሊልክ ተቃርቧል።

«አልነገርከኝም» አለች። «የተገዛው ግማሹ ነበር። እኔ ሙሉውን ሸጥኩት። ትርፉ ውሾቹ ስለተገናኙ አይደለም። ኢተር ስለወረደ ነው።»

የቤፔ ቢላ ቆመ።

ዊትሴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ደቃቃውን ጽሑፍ አነበበው፤ ደግሞም አነበበው። የጻፈውን እጥፍ አጠፋ። ጓደኛ ያጣውን ኢተር መልሶ ገዛ። ጆሮው ቀልቷል። ዪልዱ ከወንበሩ ልትነሣ ስትል ትከሻዋን ይዞ መልሶ አስቀመጣት።

እጁ እንደ ልማዱ ወደ ስክሪኑ መቆለፊያ ሄደ። እዚያ ትንሽ ቆየና ሳይነካው ተመለሰ። ጃኬቱን ከመስቀያው አነሣ፣ በሩንም ከፍቶ ወጣ።