በአንድ ኩባያ የተበጠበጠ

እናቷ ካረፈች አምስት ወር ሆኗል፤ እሷ ግን አንዴም አላለቀሰችም። ጎረቤት «ጠንካራ ልጅ» አላት፣ አክስቷ «ምን ዓይነት ጨካኝ ናት» ብላ አማቻት። ሁለቱም አላወቁላትም። ደንዝዛ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጠዋት ጠዋት ወርክሾፕ ትገባለች። ሥራዋ የሞተር ሳይክል መስተዋት ሽፋን፣ የማርሽ እጀታና የመሳሰለውን ትንንሽ ዕቃ ስስ የካርቦን ፋይበር ጨርቅ ማልበስ ነው። መጀመሪያ ኢፖክሲ የሚባለውን ጥቁር ሙጫ ዕቃው ላይ ቀብታ ትጠብቃለች። ሲነኩት የሚይዝ፣ ጓንት ላይ ግን የማይቀር ሲሆን ጨርቁን ከመሀል ወደ ዳር ታስተኛዋለች። ከጎተተችው ሽመናው ይንጋደድና ልፋቷ መና ይቀራል።

የደረቀውን በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሰው ወጣት ከጎኗ ነው የሚሠራው። ከቅጥነቱ የተነሳ ሁሉም «ቀጮ» ይለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይን ሲፈላለጉ ቆይተው፣ ከወር በፊት «እንጋባ» አላት። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ ቅዳሜ ይሄዳል። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ እሷም ገና አልመለሰችለትም። እንደምትወደው ታውቃለች፤ ግን የሰው ወሬ እንደሰማች ያህል ነው የምታውቀው።

«እንቢም መልስ ነው እኮ» አላት፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በይኛ!»

«እንቢ ማለት አልፈልግም።»

«እሺ ማለትስ?»

ጓንቷን አጠለቀች። እሱም ወረቀቱን ውሃ ነክሮ ሥራውን ቀጠለ።

የወርክሾፑ ደንብ ለአንድ ዕቃ አንድ ኩባያ ነው። ኢፖክሲና ማድረቂያው በብዛት ሲቀላቀሉ በራሳቸው ይግላሉ። ይህን ለቀጮ ያስተማረችው ራሷ ናት። ዛሬ ግን የአራት ዕቃውን ባንድ ኩባያ በጠበጠችና፣ ኩባያውን እንደያዘች በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ኩባያው ሞቀ፣ ጋለ፣ መጨስ ጀመረ። እሷ እንደቆመች ናት።

«እጅሽን! ኧረ ጣይው!»

ቀጮ ዘሎ ኩባያውን ነጠቃትና ወደ ግቢው ወረወረው። ጎትቶ ቧንቧው ጋ ወሰዳት፣ ጓንቷን ቀስ አድርጎ አወለቀ። መዳፏ ፍም መስሏል። ውሃው ለረጅም ጊዜ ወረደበት።

«ያማል» አለች ድንገት።

«እሰይ!» አለና ደነገጠ። «ውይ፣ አፌን በቆረጠው! እንደዚያ ማለቴ አይደለም...»

«ያማል እኮ! እማዬ!»

የአምስት ወር እንባ መጣ። ትከሻው ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እሱም ደግፎ ያዛት።

«ቅዳሜ ጥለኸኝ እንዳትሄድ» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

«ለሥራው ቃል ገብቻለሁ፣ መቅረት አልችልም።»

«እዚህ ቅር አላልኩህም። ጥለኸኝ አትሂድ ነው ያልኩህ። ነገ መጥተህ አክስቴን አናግራት።»

ቀጮ ፊቱን ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ ጣቶቹን አየቻቸው፤ የጋለውን ኩባያ በባዶ እጁ ነበር የነጠቃት።

«አንተም ተቃጥለሃል! አያምህም እንዴ?»

«ኧረ እኔስ አልታወቀኝም» አላት።

እጁን ይዛ፣ ከእጇ ጎን፣ ውሃው ሥር አስገባችው።