ሦስተኛው ፎቶ

«እንደነበረ መለስኩት እኮ ነው የምልሽ!» አለች ሉባባ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች ከኪችን ብቅ ብላ።

«ማሚ፣ እንደነበረ የሚባል ነገር የለም! አንዴ ከተነካ አበቃ። ኦ ማይ ጋድ!»

ነጃት ላፕቶፑን አዞረችላት። ስክሪኑ ላይ የእናቷ ባለመስመር ሻሽ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ቀለሙ ከጨርቁ ሸሽቶ ሰማያዊው ብቻውን ወደ ጎን ወጥቷል።

የፊዚክስ ፕሮጀክታቸው ነው። ማክስዌል የተባለው ሳይንቲስት ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት እንዳደረገው፣ እሷና የክፍል ጓደኛዋ ፍሬዘር አንድን ጨርቅ ሦስት ጊዜ በጥቁርና ነጭ ያነሳሉ፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፕላስቲክ ውስጥ። ሦስቱ ፎቶዎች በየቀለማቸው ሲደራረቡ ጨርቁ መልኩን ያገኛል። ንቅንቅ ካላለ ነው ታዲያ።

ሁለቱን አንስተው ሰማያዊውን ፕላስቲክ ፍለጋ መኝታ ቤት እንደገቡ፣ የፍሬዘር አባት ጋሽ ክፍሉ ልጃቸውን አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቤታቸው ሊወስዱ መጡ። እንግዳ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሉባባ ሻሹን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ሻይና ሳምቡሳ አቀረበች። ሲጨርሱም ሻሹን መልሳ ዘረጋችው፤ ሽብሽቡን ሳይቀር አስተካክላ። ልጆቹ ምንም ሳይጠረጥሩ ሦስተኛውን አነሱ።

«ሪላክስ» አለ ፍሬዘር። «በስልኬ አንድ ከለር ፎቶ አንስቻለሁ። አፑ ራሱ ሦስት ቦታ ይከፍልልናል። ቲቸር በምን ያውቃል?»

«ሪፖርቱ ላይ በፕላስቲክ አነሳን ብለናል እኮ!»

«ማክስዌልስ? የእሱ የፎቶ ፕሌት ቀይ ብርሃን አያይም ነበር ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። በላክ፣ በዕድል ነው የሠራለት።»

«እሱ አላወቀማ! ያነሳው ሪባን ቀዩ፣ ዓይን የማያየውን ብርሃንም ያንጸባርቅ እንደነበር፣ ፕሌቱም ያየው እሱን እንደነበር የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እኛ እያወቅን ነው!»

«ነጃት፣ ዛሬ ነው ዲዩ፣ ማስረከቢያው። ሰብሚት ላደርገው ነው። ስምሽን ላውጣው?»

ያለፈውን ፈተና ወድቃለች። ይሄ ካልተሳካ ክላሱን መድገሟ ነው፤ ፍሬዘርም ይህን ያውቃል።

«አውጣው» አለች።

«ሲሪየስሊ? ለአንድ ሻሽ?»

«ፍሬዘር፣ ተነሳ!» አሉ ጋሽ ክፍሉ። «የቤልትዌዩ መንገድ በመኪና ሳይዘጋብን።»

«ምን ሲደረግ!» አለች ሉባባ። «ምስር ነው፣ ሥጋ የለበትም። ምን ሰበብ አለዎት?»

«እትዬ ሉባባ፣ በሳምቡሳው ጠግቤያለሁ።»

«ሳምቡሳ ምግብ ሆኖ ነው?»

ነጃት ሻሹን አንገቷ ላይ ጠመጠመች። ካሜራውን ከነትራይፖዱ ብብቷ ሥር ሸጎጠች፣ ፕላስቲኮቹን በጥርሷ ያዘች። የፎቁ ደረጃ አጠገብ ያለው መስኮት ገና ብርሃን አለው፤ እዚያ የሚወለውል ሰውም የለም።

«በሉ እጅዎን ይታጠቡ» አለች ሉባባ፣ ትሪውን እያስቀመጠች። ጋሽ ክፍሉ እየሳቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ፍሬዘር ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

ነጃት በሩን በክርኗ ከፍታ ወጣች።