በመርፌው ላይ የተቀመጠው ሳንቲም

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ መስከረም፣ የክረምቱ ጭጋግ ከእንጦጦ ተራራ ገና ሳይገፈፍ፣ አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት የሬድዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን በጭምብል ሸፍነው ቆመው ነበር። ጋሽ ደቻሳ ይባላሉ፤ የሱሉልታ ተወላጅ፣ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሱ፣ በችኮላቸው የተነሣ ባልንጀሮቻቸው «ደቻሳ ፍሬን አያውቅም» እያሉ የሚቀልዱባቸው ሰው ናቸው። በብብታቸው በነጠላ የተጠቀለለ የመዝሙር ሸክላ ይዘዋል።

ሸክላው ላይ የምትዘምረው ሚስታቸው ይርጋለም ነበረች። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የአጥቢያው ወጣት መዘምራን አንድ ሸክላ ሲያስቀርጹ መሪ ሆና የዘመረችው እርሷ ነበረች፤ ደርግ ጸሎት ቤቱን ዘግቶ ካድሬ ቤት ለቤት ሲፈትሽ ከፍራሿ ሥር ደብቃ ተኛችበት፤ ሸክላውም በዚያው ጥቂት ጎበጠ፤ ማጫወቻ ቤታቸው ገብቶ ስለማያውቅ ከዚያ ወዲህ ማንም አልሰማውም።

ባለፈው ሰኔ ወረርሽኙ ይርጋለምን ወሰደ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰው እንዳይሰበሰብ ከልክሎ ነበርና፣ በስንቱ ቀብር ላይ የዘመረች ሴት ያለ አንዲት መዝሙር አፈር ገባች። ይህ ነገር ጋሽ ደቻሳን ከሞቷ እኩል አንገበገባቸው። አሁን አዋጁ ተነሥቶ በመጪው እሑድ ለሟቾች መታሰቢያ ሊደረግ ነው፤ እሳቸውም ይርጋለም ራሷ ለራሷ ትዘምራለች ብለው ቆርጠዋል።

ጠጋኙ ሸፊ ሁለት ማጫወቻ አቀረበላቸው፤ አንደኛው እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ስፒከሩ ከውስጡ የተገጠመለት ቀይ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ከባድና ግርማ ያለው፣ የክንዱ ክብደት ከኋላ የሚስተካከል፣ ሆኖም አምፕሊፋየርና ስፒከር ለብቻ የሚሻ ነው።

«ጋሽ ደቻሳ፣ ምክሬን ከሰሙኝ ከባዱን ይውሰዱ» አለ ሸፊ። «መርፌውን ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳርፈው። አምፕሊፋየሩም ስፒከሩም እኔ ጋ አለ፤ የጎደለው መርፌው ብቻ ነው፤ በሁለት ሳምንት ከዱባይ ይገባል።»

«ለእሑድስ?»

«ለእሑድ አይደርስም።»

«ታዲያ ይኼኛው ምን ነውር አለበት?»

«መርፌው አርጅቷል፤ ሲያርፍም ይጫናል። ለተራ ሸክላ ግድ የለም፤ ይኼ ግን አንድ ለእናቱ ነው አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፣ አባቴ።»

«ያለ መዝሙር ቀብሬያት ደግሞ ሁለት ሳምንት ታገሥ ትለኛለህ?» አሉና ቀዩን ታቅፈው ወጡ።

ነርሷ ልጃቸው ሮሃ በስልክ ስትሰማ ልቧ አልወደደውም። «አባባ፣ እኔ እስክመጣ እንዳይነኩት። ገና ሲጀምር በስልኬ ልቅዳው፤ ከዚያ ቢበላሽም አይቆጨንም» አለቻቸው። «እሺ» አሉ፤ እሺታቸውም የእውነት ነበር።

ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ካለው ቤታቸው ሲደርሱ ግን ዝምታው በረታባቸው። መሥራቱን ብቻ ልይ ብለው ሸክላውን አስቀመጡ። ኦርጋን ተሰማ፤ መዘምራኑ ተቀበሉ፤ ይርጋለም የመጀመሪያዋን ቃል እንዳወጣች መርፌው ከጎበጠው ቦታ ዘሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ያችው ቃል፤ ደግሞም ያችው ቃል።

መድኃኒቱን ያውቁታል። ጌታን ከማግኘታቸው በፊት በሚያዘወትሩት ቡና ቤት ሁሉ፣ ሸክላ ሲዘል አሳላፊው ሳንቲም አንሥቶ የመርፌው ራስ ላይ ጣል ያደርግ ነበር፤ ሸክላው በክብደቱ ተፍቆ ቢያልቅ ሌላ ይገዛል። ጋሽ ደቻሳም ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አውጥተው አስቀመጡ።

መርፌው ጸና፤ ይርጋለምም ዘመረች፤ ሳያገቧት በፊት እንደነበረችው፣ ሳል የማያውቀው ደረቷ ሞልቶ። አለቀሱ። ሲያልቅ ደገሙት፤ ደግመውም ደገሙት፤ ከሞት የተመለሰን ድምፅ አንዴ ሰምቶ በቃኝ የሚል ማን አለ? ድምፁ እየሻከረ መሄዱን ጆሯቸው አልለየውም፤ ከአጠገባቸው የተቀመጠች መስሏቸው ነበርና።

ሮሃ ከሥራ ስትመለስ ሳንቲሙን አየች፤ መርፌው ጫፍ ላይ የተጠራቀመውን ጥቁር ብናኝም አየች። ስልኳን ለቅጂ አዘጋጅታ ሸክላውን አስነሣች። የወጣው ፍሽሽታ ብቻ ነበር፤ ከሥሩ የሰው ይሁን የብረት የማይለይ ሲቃ ነበረበት።

«አባባ፣ ስንቴ አጫወቱት?»

«እንጃ ልጄ። እኔው ጨረስኳት።»

ስልኳን ወደ አባቷ አስጠጋች። «እንዴት ነበር የምትለው?» አለች ብቻ። ጋሽ ደቻሳ ከፍሽሽታው በላይ፣ ዜማ በማይዘው ድምፃቸው፣ የሚስታቸውን ተራ ዘመሩላት፤ ስልኩም ሁሉንም ቀዳ።

እሑድ በመታሰቢያው ላይ የተሰማው ይኸው ቅጂ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሸፊ ደውሎ መርፌው መግባቱን ነገራቸው፤ «ለሌላ ሰው ስጠው ልጄ» አሉት።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ሟቾቹን ቆጥረዋል፤ የአዋጁን አንቀጽና የተዘጉትን ደጆችም አስፍረዋል፤ ይርጋለምም ከቁጥሩ ውስጥ አንዷ ናት። ካድሬ ፈልጎ ያጣውን ድምፅ፣ ከሁሉ አብልጦ የወደዳት ሰው በአንድ ከሰዓት እንደጨረሰው ግን የጻፈ የለም፤ ጋሽ ደቻሳም ሳንቲሟን ከመርፌው ራስ ላይ ሳያነሡ ኖሩ።