ማሽኑ የዋጠው ካርድ

የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ ዝማሬ አንሶላ ልታሰጣ በማለዳ በጓሮው ደረጃ ስትወጣ የሞተ ሰው አገኘች። እግሮቹ ወደ ላይ፣ ራሱ ቁልቁል፤ በጀርባው ተንጋሎ ዓይኑን ደረጃው አናት ላይ ተክሏል። አንሶላው ከእጇ ወድቆ ሸፈነው። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ደፍሮ የገለጠው አልነበረም። የአራዳ ጎረቤት ለሠርግ ሳይጠራ ይገኛል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ግን የበር ስንጥቅ ይበቃዋል።

ሟቹ ሚስተር ሄንሪክ ነበር፤ በወይዘሮ ፈህሚያ እንግዳ ማረፊያ አሥር ቀን የሰነበተ የፖላንድ ሽማግሌ። ኢንስፔክተር የትነበርሽ ጎንበስ ብላ መረመረችው። የክፍሉን ቁልፍ ጨብጧል። ክፍሉ ውስጥ ቦርሳው ተከፍቷል። ገንዘብ የሚያወጣበት የአገሩ ባንክ ካርድ ግን የለም።

ካርዱ የተገኘው ከመንገዱ ማዶ ካለው ባንክ ነው። ትናንት አመሻሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ፣ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ የምስጢር ቁጥር ስለገባበት ማሽኑ ውጦታል።

«ካሜራው ማንን አሳየ?» አለች የትነበርሽ።

«ካሜራው ከተበላሸ ስድስት ወሩ» አለ የባንኩ ዘበኛ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ጠዋት ሲጠርግ ከማሽኑ ሥር ያነሳትን ብጣሽ ወረቀት ሰጣት። አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎባታል፤ 1943።

በዚያ ሰዓት ሄንሪክ ጣሪያው ላይ ቆሞ የፋሲልን ግንብ ሲያይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቶታል። የአራዳ ሰው ጣሪያ ላይ የቆመ ፈረንጅ አያመልጠውም። ስለዚህ ካርዱን የወሰደው ሌላ ሰው ነው።

የትነበርሽ አለቃ ኮማንደሩ የሄንሪክን አስጎብኚ አንዱዓለምን ሊይዝ ቸኩሏል። «ገንዘብ ሲያወጣ አብሮት የሚሄደው እሱ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ እወስደዋለሁ» ብሎ መኪናውን በር ላይ አቆመ።

አንዱዓለም የያዘው የሻይ ብርጭቆ ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጫል።

«ምነው እጅህ?»

«ብርድ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«በመጋቢት?» ፈገግ አለች። «የካርዱን ቁጥር ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም።» መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የወጣ ይመስላል። «ቁርስ ላይ ግን ቀልዶ ነበር። ‹ቁጥሬ እናቴ የወለደችኝ ዓመት ነው፤ አልረሳውም› ሲል ለሁሉም የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ማታ አዘዞ ቤቴ ገባሁ። ማንም አላየኝም።» በሩ ላይ የቆመውን መኪና በመስኮት አየ። «ሊወስዱኝ ነው?»

«ሻይህን ጠጣ።»

ወይዘሮ ፈህሚያ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፤ ጣቷ ግን አንዷ ፍሬ ላይ ቀርቷል።

«እትየ ፈህሚያ፣ ትናንት አመሻሽ የት ነበርሽ?»

«እህቴ ቤት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፤ አሥር ሰው ሆነን ነው ያፈጠርነው። ረመዳን ከገባ ጀምሮ እኔ ላፈጥር ስሄድ ጠረጴዛውን የሚጠብቅልኝ አያ ሰውአገኝ ነው። ሁለት ዓመት ክፍል የተከራየኝ ሰው ነው፤ ከዘመድ አይለይም።»

«የሟቹን ፓስፖርት ማን አየው?»

«እኔ። ወደ መዝገቡ ገልብጬ ወዲያው መለስኩለት።»

የትነበርሽ መዝገቡን ገልጣ አንዱ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ዘጋችው።

ሰውአገኝ የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ነው። ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል።

«ከወንበሩ አልተነሳሁም፣ እቴ። ምን የመሰለ ሽማግሌ። በአርባ ሦስት የተወለደ ሰው እኮ ነው፣ ያባቴ እኩያ። አሁን እኛስ እንዴት ብለን እዚህ ቤት እንደር? ገዳዩ አብሮን እራት የበላ ሰው ቢሆንስ?»

«እሱን ነው እኔም የፈራሁት፣ አያ» አለች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ዝማሬ በሩ አጠገብ ቆመች፤ «እኔ ጀርባዬን ለማንም አልሰጥም» አለች። የሳቀ የለም።

«አንዱዓለም» አለች የትነበርሽ፣ «በሁሉም ፊት ልድገምልህ። ቁጥሩን ታውቀዋለህ?»

ኮማንደሩን አየ፤ በሩን አየ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አውቃለሁ። ዓይኑ ደካማ ነበር፤ የምመታለት እኔ ነበርኩ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ አንድ። ይህን ብናገር እንደሚያስሩኝ አውቄ ዋሸሁ።»

ኮማንደሩ ካቴናውን አውጥቶ ተነሳ።

«ይቀመጡ፣ ኮማንደር። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ሦስት ጊዜ ምን ያሳስተዋል? የደበቀው ነገር ነው ነጻ የሚያወጣው።»

ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ማሽኑ ጋ የሄደው ሰው ይህን ይዞ ነበር። እትየ ፈህሚያ፣ ሄንሪክ መቼ ተወለደ?»

«በእነሱ አምሳ አንድ። መዝገቡ ላይ ግን በእኛ ዘመን አርባ ሦስት ብዬ ነው የጻፍኩት። አባቴም የእንግዳውን ዓመት ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጽፍ።»

«ማሽኑ ግን የሰውዬውን ዘመን እንጂ የእኛን አያውቅም። ፓስፖርቱን ያየ ሰው አምሳ አንድ ይላል። አርባ ሦስት የሚል መዝገቡን ብቻ ያየ ነው። ዝማሬ አሥር ሰዓት ላይ ቤቷ ገብታለች። እትየ ፈህሚያ እህቷ ቤት ነበረች።» ዞር አለች። «አያ ሰውአገኝ፣ ጠዋት ስታለቅስ በአርባ ሦስት የተወለደ ነው አልከኝ። ማን ነገረህ?»

«እሱ ራሱ ነው።»

«ሄንሪክ አማርኛ አያውቅም። አንተም የእሱን ቋንቋ አታውቅም። የእኛን ዘመንማ ከየት አምጥቶ?»

ውጭ የፖሊስ መኪናው ሞተር ተነሳ።

«ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ ሰው ቢደናቀፍ በግንባሩ ነው የሚደፋ» አለች። «እሱ ግን በጀርባው ወደቀ፤ ከበላዩ ከቆመ ሰው ጋር ፊት ለፊት ነበር። እንካ ብዕር። ይህን ቁጥር ጻፍልኝ፤ እጅ ጽሕፈቱን ላስተያየው።»

ሰውአገኝ ብዕሩን ተቀበለ። ሳይጽፍ አስቀመጠው።

«ጥቂት አውጥቼ ካርዱን ልመልስ ነበር» አለ። «ትርፍ ቁልፉ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ማሽኑ ሲውጠው ጨነቀኝ። ስመለስ ሽማግሌው ክፍሉን አይቶ ኖሮ ‹ካርድ፣ ካርድ› እያለ ተከተለኝ። በጓሮ ደረጃ ወደ ላይ ሸሸሁ። ጋቢዬን ያዘኝ። ገፋሁት።»

ዝማሬ ሳታስበው ከአጠገቡ ሁለት እርምጃ ሸሸች። ትናንት ቀትር ላይ ቁርጥራጭ ዳቦ ያካፈለችው ሰው ነበር።

ሰውአገኝን ሲወስዱት አንዱዓለም አልተነሳም።

ያን ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተመልሶ መጣ። ፈህሚያ ጠረጴዛው ላይ ተምር አስቀምጣ ብቻዋን ትጠብቃለች።

«እትየ፣ እህትሽ ጋ ሂጂ። እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

አየችው። ይህ ሰው ጠዋት ያለ ጥፋቱ ሊታሰር የነበረ፣ ደግሞም የዋሸ ነው። ነጠላዋን አነሳች፤ ወንበሩን ለቀቀችለት።

ሄደች። መዝገቡንና የመሳቢያውን ቁልፍ ግን በብብቷ ይዛ ነበር።