የበቅሎዋ ድርሻ

መሪጌታ ወልደተንሣኤ በገዛ በቅሏቸው እግር ሥር ሞተው የተገኙት ከጎረቤላ በላይ፣ ብርዱ በበጋም በማይለቀው የተራራ ጫፍ ላይ ባለው ግቢያቸው ነው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው አልወረደም፤ አገጫቸው ግን በአረፋ ርሷል። በቅሎዋ አንገቷን አቀርቅራ አጠገባቸው ቆማለች። ከእሷም አፍ ለሐጭ ይንጠባጠባል።

ከደብረ ብርሃን የመጣችው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር አልታየች፣ አስከሬኑን መርምራ ስትጨርስ በጋጣው ጭድ ውስጥ እጇን ሰዳ አንድ ጣሳ አወጣች። ሥሩ ላይ ጥቁር አተላ ደርቋል።

«ይኼ የማን ነው?»

«የአባባ ነው» አለች ሰርካለም፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷን እየጦረች የምትኖር ብቸኛ ልጃቸው። «ቤት ውስጥ ስፈልገው ነበር። እዚህ ምን ይሠራል?»

በቅሎዋ መሪጌታን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምታወጣ፣ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የምታወርድ ናት። የኋላ እግሯ ተሳስሮ መራመድ ሲያቅታት ሁለት ሐኪም ተጠራላት፤ ሁለቱም በሟቹ ግቢ ቆመው ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

«አንተ ምን ሰጠሃት?» ስትል መርማሪዋ የአካባቢውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ኪዳነወልድን ጠየቀችው።

«የሕመም ማስታገሻ። እኔ የምወጋው ውስጡ መድኃኒት ያለበትን ነው» አለና በአገጩ ወደ ዶክተር ሳሌም ጠቆመ። «የእሷ መርፌ ባዶ ነው። እንስሳዪቱን ጃርት አስመስላ ትቆማለች።»

«ጃርቷ ግን መራመድ ጀመረች» አለች ሳሌም።

ዶክተር ሳሌም በደብረ ብርሃን የግል ክሊኒክ አላት። የእንስሳት ሕክምናን እዚሁ አገር ተምራ የቻይናውን የመርፌና የሥር ሕክምና ጥበብ እዚያው ቻይና ሄዳ ጨምራበታለች። «እሱ እብጠቱን ይቀንሳል፤ እኔ የተኮማተረውን ጡንቻ አፍታታለሁ» አለች። «አንዱ ሌላውን አይሽርም። ከዚያ በተጨማሪ ለብርድ ሕመም የሚጠጣ ሥር ሰጥቻታለሁ።»

«ሥሩ መርዝ አለው?»

ሳሌም ወደ ጣሳው አተላ አየች። «ጥሬው ይገድላል። ሲፈላ ግን መርዙ ይሰበራል። የመጀመሪያውን በቅሎዋ አሊዩ አምባ ሳለች እኔው አፍልቼ አጠጣኋት፤ ተሻላት። የቀረውን ለሰርካለም ሰጠሁ፤ የሚፈላበትንም ሰዓት ነገርኳት።»

«አንድ ደቂቃ አላጎደልኩም» አለች ሰርካለም። «በስልኬ ሰዓት ነው የጠበቅሁት።»

በአሊዩ አምባ በቅሎዋን ያሳደሩት ነጋዴ ሸህ ይማም ስልክ ሲደወልላቸው መጀመሪያ አለቀሱ።

«መሪጌታማ የበቅሏቸውን ድርሻ ይቀሟት ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ከባልዲው በጣሳ ቀድተው ይጠጡላት ነበር። ‹መሪጌታ የከብት መድኃኒት ጠጡ እንዳልባል፣ አደራዎን!› ይሉኛል። ወላሂ፣ ጉልበታቸው ተፍታቶ እስከ ገበያ አብረን በእግር ሄደናል። ምንም አልሆኑም!»

ይህ ቃል ነገሩን አወሳሰበው። መድኃኒቱ ታች ካልገደለ፣ ላይ መርዝ የጨመረበት ሰው አለ ማለት ነው። ቀዬው ግን ፍርዱን ቀድሞ ሰጥቶ ነበር፤ የባዕድ መርፌ ይዛ የመጣችው ናት ገዳይዋ። የሳሌም ክሊኒክ ታሸገ፤ እሷም በዋስ ወጥታ የምርመራውን መጨረሻ መጠበቅ ጀመረች። የላቦራቶሪው ውጤት በመጣ ጊዜ በሟቹ ሆድም በጣሳውም የተገኘው የሥሩ የራሱ መርዝ ብቻ ሆነ። ከዚህ በኋላ የሰው ዓይን ቀስ በቀስ ወደ ሰርካለም ዞረ። ማሰሮውን ቸኩላ አውርዳው ይሆን? አባቷን መጦር ሰልችቷት ይሆን?

በአርባው ዋዜማ መርማሪዋ ወደ ግቢው ስትመለስ ሰርካለም ለንፍሮ የተጣደ ሽምብራ እያማሰለች ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተጣደው?»

«ከቅዳሴ መልስ።»

አልታየች አንዲት ፍሬ አንስታ ነከሰች። ጠጣር ናት። ውኃው ግን ይንተከተካል።

«የኛ አገር እንዲህ ነው» አለች ሰርካለም። «ቆላ ቢሆን ይኼኔ ተበልቶ ነበር።»

መርማሪዋ ፍሬዋን በጥርሷ እንደያዘች ከእሳቱ አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቆመች።

በማግስቱ፣ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው እንግዳው ከተበተነ በኋላ፣ ሰርካለምን፣ ኪዳነወልድንና ሳሌምን ከድንኳኑ ሥር አስቀመጠቻቸው። ሸህ ይማምም ለሐዘኑ ከቆላ ወጥተው ነበር።

«በቅሎዋም ለሐጯን ታዝረከርክ ነበር፤ ከሞት ያተረፋት ግዙፍነቷ ነው» ስትል ጀመረች። «ስለዚህ መርዙ የነበረው በማሰሮው ነው እንጂ በጣሳው አይደለም። ኪዳነወልድ፣ አንተ ይህን አይተህ ዝም አልክ።»

ኪዳነወልድ አንገቱን ደፋ። «የኔ መርፌ ያመጣባት መስሎኝ ፈራሁ።»

«መሪጌታ ከበቅሎዋ መድኃኒት እንደሚጠጡ የሚያውቁት ደግሞ ሸህ ይማም ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በዚያ ቀን ቆላ ነበሩ። የማያውቅ ሰው እሳቸውን ሊገድል በበቅሎ መድኃኒት መርዝ አይጨምርም። በቅሎዋን ሊገድል የፈለገ ቢኖር ኖሮም ላቦራቶሪው ሌላ መርዝ ባገኘ ነበር። የቀረን ሥሩ ራሱ ነው። ያው ሥር፣ ያው ሰዓት፤ ታች ፈወሰ፣ ላይ ገደለ።»

«እንግዲያው እኔ አጉድያለሁ» አለች ሰርካለም።

«አላጎደልሽም። የታዘዝሽውን ያህል በትክክል አፍልተሻል፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ገና በቅጡ ሳይግል ነው። ሽምብራሽን ያላበሰለው ውኃ መርዙንም አልሰበረውም። እዚህ ከታዘዘው እጅግ የበለጠ ሰዓት ያስፈልገው ነበር፤ ይህን የነገረሽ ግን የለም።»

ሁሉም ወደ ሳሌም ዞሩ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የተማርኩት በባሕር ጠረፍ ከተማ ነው» አለች። «ሰዓቱን ከዚያ እንዳለ ይዤው መጣሁ። በደጋ ተወልጄ፣ ንፍሮ ሲዘገይ እያየሁ አድጌ አላሰብኩትም። ሰርካለም፣ ያንቺ እጅ የለበትም። የእኔ ነው። ቃሌን እሰጣለሁ።»

«ትሰጫለሽ» አለች መርማሪዋ። «የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው።»

ሸህ ይማም ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። «አደራቸውን መጠበቄ ነው የጎዳቸው» አሉ። «ምነው በነገርኩሽ ኖሮ፣ ሰርካለም ልጄ።»

ሰርካለም ነጻ መውጣቷ የገባት አይመስልም።

«ጉልበታቸውን እንደዚያ እንደሚያማቸው እንኳ አላውቅም ነበር» አለች። «የበቅሎዋን እግር ግን ማለዳ ማለዳ እየዳበስኩ አየው ነበር። ለእሷ ሁለት ሐኪም አመጣሁ። ለአባባ አንድም አልጠራሁላቸው።»